ለዝናሽ ጌሾ የሠራሁት ቅርጫት

ሚያዝያ 4
ዛሬም ውኃ የለም። ልጄ እጅጋየሁ ሆስፒታል የሌሊት ተረኛ ነበረች፤ መጥታ ተኛች። ይሄን ደብተር የሰጠችኝ እሷ ናት፣ "ከምትነጫነጭ ጻፍ" ብላ። በመሠረተ ትምህርት የለየኋት ፊደል እስካሁን አልከዳችኝም።

ልጄ ደግ ናት። ግን ሰው በልጁ ቤትም እንግዳ ነው... ወጥታ በገባች ቁጥር መስኮቴን ትከፍታለች። እዘጋዋለሁ። "አባባ፣ ይሄንን ክፍል ደግሞ እንደ እማዬ ቤት አታድርገው" አለችኝ። ምን ማለቷ ነው? አልጠየቅኋትም።

ሦስቱ የጌሾ ችግኞች እስካሁን ፌስታላቸው ውስጥ ናቸው። በላቸው የእናቱን ጌሾ ነቅሎ ባሕር ዛፍ ሲተክልበት ከሥሯ ያተረፍኳቸው እነዚህን ብቻ ነው። ሚስቴ ዝናሽ፣ ነፍሷን ይማርና፣ ስንት ዓመት ጠላ የጠመቀችበት ጌሾ! "አባባ፣ አሁን ማን ይጠምቃል? ባሕር ዛፍ ይሸጣል" አለኝ። የወለድኩት ልጅ። የዚያኑ ዕለት አገሬን ትክል ድንጋይን ትቼ ጎንደር ገባሁ። አላናግረውም።

ችግኞቹ ክረምት እስኪገባ ይቆዩልኝ። ሌላ አልፈልግም።

ሚያዝያ 6
የቀለም ባልዲ አገኘሁ። እንደ እህል ጎታ ልለቀልቀው ብዬ ጭቃ በጤፍ ጭድ አቦካሁ። እጅጋየሁ "ከታች ብሳው እንጂ" አለች። ልብሳው? ውኃ በወረፋ በሚመጣበት ከተማ?

እኔን ደግሞ ጎታ ልታስተምረኝ! እናቷ ትሠራ ነበር፣ እኔ እፈትሽ ነበር። በጣቴ እየዳሰስኩ ክር የምታህል ስንጥቅ ካገኘሁ "እንደገና ለቅልቂው!" ነው። ነቀዝ ገብቶብን አያውቅም።

የባልዲውን ውስጥ በጭቃ፣ በላዩ በእበት ለቀለቅሁት። አፈር ሞላሁ። ሦስቱንም ተከልኩና በግንዳቸው ዙሪያ አፉንም በጭቃ ደፈንኩት። ለውኃ አንዲት ቀዳዳ ብቻ ተውኩ። ሸጋ ሆነ።

ሚያዝያ 17
አንደኛው ቅጠሉን ጣለ። ጠምቶት ይሆናል። ውኃ ጨመርኩ።

ሚያዝያ 21
ሞተ። ለቀሩት ውኃ ጨመርኩ።

ሚያዝያ 22
ታየች የምትባል አለች፣ ከመንገዱ ማዶ ችግኝ የምትሸጥ። ስታልፍ ባልዲዬን አይታ ሳቀች።

"አያ አለነ፣ ይሄ ጎታ ነው ወይስ መቃብር?"

"ችግኝ ነው። ዓይንሽ ደከመ እንዴ?"

"ሥር እኮ ይተነፍሳል። አፈኑት።"

"አፍንጫው የት ነው? እስቲ አሳይኝ!"

"የእርስዎስ ጆሮ የት ነው?" ብላኝ ሄደች።

ባለጌ። አርባ ዓመት ያረሰ ሰው ላይ...

ሚያዝያ 29
ሁለተኛውም ሄደ። ባልዲውን በመጥረቢያ ሰነጠቅሁት። ሽታው! ውኃው ከታች ተኝቷል፤ ሥሩ ጠቁሮ እጄ ላይ እንደ በሰበሰ ጨርቅ ተበጣጠሰ። ሦስተኛዋ አንድ ነጭ ሥር ቀርቶላታል። አንድ። ጣት የምታህል።

በእርጥብ ጨርቅ ጠቀለልኳት። ትንሽ ቆምኩ... መንገዱን ተሻገርኩ።

ግንቦት 1
ትስቅብኛለች ብዬ ነበር። አልሳቀችም። እሱ ይብሳል።

ባልዲ አይሆንም አለችኝ፤ ቅርጫት። ከታች ጠጠር። በላዩ የከሰል ስባሪ። ከዚያ የጆንያ ቁራጭ፣ አፈሩ ወርዶ ጠጠሩን እንዳይደፍነው። ከዚያ አሸዋና የከረመ ፍግ የተቀላቀለበት አፈር። ጎኑ ሽንቁር ሽንቁር ይሁን አለች።

"ጎኑስ ለምን?"

"ሥሩ ዳር ሲደርስ አየር ያገኘዋል። ጫፉ ይደርቃል፣ ከኋላው ሌላ ያወጣል። በተደፈነ ዕቃ ውስጥ ግን መውጫ ያጣና በራሱ ላይ ይጠመጠማል።"

እዚያው መሬት ላይ ቁጭ አልኩ።

"ምነው አያ አለነ? አመመዎት?"

ለእሷ ምን ይነገራል?

ግንቦት 2
ማንም አያነበውም፤ ልጻፈው። ዝናሽ ደረቷ ይታፈን ነበር። "መስኮት አውጣልኝ" ያለችኝ እጅጋየሁን በወለደች ዓመት ነው። ብርድ ይገባል አልኩ። በሌላው ዓመት ዝናብ ይገባል አልኩ። ከዚያ ሌባ። ከዚያ መጠየቅ ተወች። ሥራዋን ይዛ በሩ ሥር ትቀመጥ ነበር። "ምነው ደጅ ደጅ አልሽ?" እያልኩ እቀልድባት ነበር...

ሐኪሙ "የገደላት የቤት ጭስ ነው" ሲል እጅጋየሁ ዞራ አየችኝ። ሦስት ዓመት ሆነው። አስተያየቷ እስካሁን ከልቤ አልወጣልኝም።

ግንቦት 4
ቅርጫቱን ከታየች አልገዛሁም። ሸምበቆ ሰንጥቄ ራሴ ሠራሁት። እሷ ያላለችውንም ጨመርኩ፤ መሃሉ ላይ ጎን ጎኑ የተበሳ ሸምበቆ አቆምኩ፣ አየር እስከ ታች እንዲወርድ። ታየች መጥታ ዞራ አየችው።

"ይሄን ደግሞ ማን አሳየዎት?"

"ማንም።"

ትንሽ ደስ አለኝ። ትንሽ።

ግንቦት 18
ቅርጫቱ ውስጥ የተከልኳት ችግኝ ያው ናት። አልሞተች፣ አላቆጠቆጠች።

ሰኔ 1
ቡቃያ! የምስር ፍሬ ታህላለች። ለእጅጋየሁ አልነገርኳትም፤ ራሷ አየቻት። ገብታ መስኮቱን ከፈተችው። በረደኝ። ተውኩት።

ሰኔ 20
በላቸው ደወለ። እጅጋየሁ ስልኩን ጆሮዬ ላይ ለጠፈችው።

"አባባ፣ ዝናቡ ያዘ። ችግኟን አምጣት። ቦታ አዘጋጅቼልሃለሁ።"

"ባሕር ዛፍህስ?"

"በጓሮ በኩል ያለውን ነቀልኩት።"

ስልኩን ለእህቱ መለስኩላት፣ መዝጋት አላውቅበትም ብዬ። አውቅበታለሁ።

ሐምሌ 8
ትክል ድንጋይ። መንገዱን ሙሉ ታቅፌያት መጣሁ። በየሽንቁሩ ነጭ ነጭ ሥር ብቅ ብሏል። በላቸው ጉድጓዱን ቆፈረ፣ እኔ ከነቅርጫቷ ከተትኳት፤ ሸምበቆው እዚያው ይበሰብሳል።

ከዚያ ዶማውን ከእጁ ተቀብዬ ቤት ገባሁ። ከመደቡ በላይ፣ በዝናሽ ራስጌ በኩል፣ ግድግዳውን መታሁት። አልበገር አለኝ። ራሴ ነኝ የመረግሁት፤ ስንጥቅ የለውም።

"አባባ! ምነው፣ ቤቱን ልታፈርሰው ነው?"

"መስኮት ነው።"

"አሁን? ለማን?"

መታሁት። እስኪያልበኝ መታሁት። የክንድ ያህል ተከፈተ፣ ጌሾዋም በዚያ ታየችኝ። አቧራው ግን ደረቴን ያዘው፤ ሳሉ አላቆም አለኝ።

ሄጄ በሩ ሥር ተቀመጥኩ።