በማለዳ ሽማግሌ አይላክም

ቆሰበር፣ ታኅሣሥ ፲፬ ቀን ፲፱፻፶፱ ዓ.ም.

ይድረስ ሞቶ ለተነሣው ልጄ፤

በሕይወት መኖርህን ከሰማሁበት ሰዓት ጀምሮ እኔ ደህና ነኝ። እናትህም ደህና ናት፤ ድምፅዋ ብቻ ተዘግቷል፣ ለምን እንደተዘጋ ወደታች ታነባለህ። ላሞቹም ገብሱም ዳማው ፈረስም እግዚአብሔር ይመስገን ደህና ናቸው። አንተስ? ትበላለህ? እንቅልፍ ይወስድሃል? የምጠይቅህ ለወግ አይደለምና ለያንዳንዱ መልስ ጻፍ።

ልጄ፣ ማን ነው በማለዳ ሽማግሌ ላክ ያለህ? አዲስ አበባ ስትቀመጥ የአገርህን ወግ እንዲህ ረሳኸው? ሽማግሌ ለጋብቻ የሚላከው ፀሐይ ሲሞቅ ነው። ለዕርቅ የሚላከው ከቤተ ክርስቲያን መልስ ነው። ጎህ ሲቀድ፣ ሰው ከቤቱ ሳይወጣ፣ ተከናንበው የሚመጡ ሽማግሎች አንድ ነገር ብቻ ነው የሚያመጡ፤ መርዶ። ይህን በእኛ አገር ጡት ያልጣለ ሕፃን ያውቀዋል። አንተ ግን ለክርስትና አባትህ ለክንዴ፣ «ትምህርቴን ልተው ነውና አባቴ እንዳይቆጣ፣ አንድ ሰው ይዘህ በጠዋት ከቤት ሳይወጣ ቀስ ብለህ ንገርልኝ» ብለህ ላክህለት። ክንዴም ክንዴ ነው፤ እንዳልኸው አደረገ።

ባለፈው ሰኞ ነው። ጉሙ ገና ከቀርከሃው ላይ አልተነሣም። ክንዴና አቶ ቢሻው ብርዱን ፈርተው እስከ አፍንጫቸው ተከናንበው ወንዙን ሲሻገሩ፣ ጎረቤታችን ስሜነሽ ውኃ ልትቀዳ ወርዳ አገኘቻቸው። በዚህ ሰዓት ወዴት ነው ብላ ጠየቀች። ክንዴ ወደ እኔ ቤት እያመለከተ፣ «የልጁን ነገር ልንነግረው ነው» አላት። በቃ፣ እንስራዋን ጥላ ጮኸች።

ሽማግሎቹ ደጃፌ ሳይደርሱ ጩኸቱ ቀደማቸው። እናትህ ነጠላዋን ወገብዋ ላይ አስራ ወጣች። ክንዴ፣ «ኧረ ቆዩ! ኧረ አድምጡኝ!» ይላል፤ ማን ይስማው? መርዶ ነጋሪ ሁልጊዜ ቆዩ ነው የሚል። ከላይ መንደር ሰው ወረደ፣ ከታች መንደር ወጣ። ፀሐይ ብቅ ስትል ለቅሶ የሚያጅቡት ፈረሰኞች ደረሱ። እኔ አላለቀስሁም። ጋጣ ገብቼ ዳማውን አወጣሁና ለጥር ጊዮርጊስ የማወጣውን ኮርቻ ጫንሁበት። በኮርቻው ላይ፣ ዳንግላ ስትማር ትለብሰው የነበረውን ካኪ ኮት አለበስሁት። ጌታው የሞተበት ፈረስ በለቅሶ መካከል ሲዞር አንተም አይተሃል። የአንተን ኮት አሸክሜ ፈረሱን የሳብሁት ግን እኔ ነኝ። ከዚህ ወዲያ ስለዚያ ነገር አልጽፍም።

በዚህ መካከል ቢሻው፣ ድምፁን ታውቀዋለህ፣ መስኩ መካከል ከወደቀው ግንድ ላይ ወጥቶ፣ «እናንተ ሰዎች! ልጁ አልሞተም! ትምህርቱን ነው የተወው!» ብሎ አንባረቀ።

ከፈረሰኞቹ አንዱ፣ «ትምህርቱን ብቻ?» አለ። «ትምህርቱን ብቻ!» አለ ቢሻው። «ታዲያ በዚህ ውርጭ እኛን ከመኝታችን የምታስነሣን ለትምህርት ነው?» አለና ከፈረሱ እስኪወድቅ ሳቀ። እናትህ ክንዴን በሁለት እጅዋ ኩታውን አንቃ፣ «ማል! ማልልኝ!» አለችው። በጊዮርጊስ ማለላት። «እንግዲያ ይተወው! ያሻውን ሁሉ ይተው፤ ብቻ ይተንፍስልኝ!» አለችና እልልታዋን አቀለጠችው። ድምፅዋ የተዘጋው በለቅሶው አይደለም፣ በእልልታው ነው።

ፈረሰኞቹም የተጫነ ፈረስ ይዞ በባዶ መመለስ ነውር ነው ብለው እዚያው መስኩ ላይ ጉግስ ገጠሙ። ለለቅሶ የመጣው ዳቦ እንደ ሰርግ ዳቦ ተበላ። እኔም ዳማው ላይ ወጣሁ። ተው፣ አርጅተሃል አሉኝ፤ መቼ ነው የሰው ምክር የሰማሁ? ኮትህን ደርቤ መስኩን ከዳር እስከ ዳር ጋለብሁት። እናትህ፣ «ግንዱን! ግንዱን!» እያለች ከኋላዬ ትጮሃለች። ፈረሱ ግንዱን ያውቀዋል፤ ምን ያስጮሃታል?

ልጄ፣ እንዲያ ያለ ቀን በዕድሜዬ አላየሁም። እስከ ቀትር ደስታዬ መሬት አላስረገጠኝም። ከቀትር በኋላ ተቆጣሁ።

ክንዴን አስቀምጬ ምክንያትህን ጠየቅሁት። «አባትህ ደክሟል ብለውታል፤ እርሻውን ላግዝ ብሎ ነው፣ ዓይኑም...» ሲል አቋረጥሁት። ይህን የነገረህ ማን እንደሆነ አውቄዋለሁ፤ የአጎትህ ልጅ ደሴ ነው። በመስቀል ሰሞን ሲመጣ በወንድሙ ስም ጠርቼው ነበር። ወንድማማቾች ናቸው፣ ይመሳሰላሉ። እርሱን በሽታ ብሎ አዲስ አበባ ድረስ ይዞልህ ሄደ!

በማላውቀው ነገር አልፈርድም። ፊደልንም የለየሁት መንገደኛውን ሁሉ፣ «ይቺ ማን ትባላለች?» እያልሁ ነው እንጂ ማንም አስቀምጦ አላስተማረኝም። ስለዚህ ማክሰኞ ጠዋት፣ ትምህርት መተው ምን ማለት እንደሆነ ልጠይቅ ወደ ዳንግላ ተነሣሁ። ክንዴ ጥፋቱን ሊክስ ፊት ፊት ሄደ። ልጓሙን ለእርሱ ሰጠሁት፤ እጄ ነፃ ሲሆን ሐሳቤ ይቀናኛል።

ዳንግላ ላይ ከእናንተው ዩኒቨርሲቲ ለአገልግሎት ተልኮ የሚያስተምር ወርቅአየሁ የሚባል ልጅ አገኘሁ። ክፍሉ ገብቼ ኮስተር ብዬ ጉዳዬን አስረዳሁ። ከሌላው ማዕዘን፣ «አባቴ፣ እኔ ወዲህ ነኝ» አለኝ። ኮቱን ግድግዳ ላይ እንደ ቆመ ሰው አድርጎ ይሰቅለዋል፤ ይህን ነቀፍሁበት። ይቅርታ ጠየቀኝ። ጨዋ ልጅ ነው።

እርሱ የነገረኝን በደንብ አንብብ። ትምህርት የሚተው ብዙ ነው አለኝ፤ የሚተውበት መንገድ ግን አንድ አይደለም። አንዱ ሻንጣውን አንጠልጥሎ ለማንም ሳይናገር ይጠፋል። የዚህ ሰው ያልተፈተነው ፈተና ሁሉ እንደወደቀ ተቆጥሮ ይጻፍበታል፤ በኋላ ልመለስ ቢል ያ ጽሑፍ ደጃፉ ላይ ይጠብቀዋል። ሌላው ዲኑ ዘንድ ገብቶ፣ ችግሬ ይህ ነው ብሎ፣ ፈቃድ ጠይቆ ይወጣል። እርሱ ቦታው ሊጠበቅለት ይችላል፤ ያውም በቃል ሳይሆን በወረቀት ከተሰጠው ነው። አንተ ዲኑን ጠይቀሃል? ክንዴን ጠየቅህ እንጂ! ክንዴ የምን ዲን ነው?

ደግሞ፣ «የወጣ ዕለት ማታ የት ያድራል?» አለኝ። ለካ አልጋውም ምግቡም የተማሪነት ነው፤ ስምህ በተሰረዘ ዕለት ሁለቱም ይቀራሉ። ይህን አስበኸዋል? ደግሞም በደከመህ ሳምንት አትወስን። እኔ በሬ ለመሸጥ ስነሣ እንኳ ጠግቤና ተኝቼ ነው የማስበው፤ በሬ የሸጥህለት ሰው ነገ መልስልኝ ብትለው አይመልስልህም። ለመምህሮችህም ንገር፤ ከአንድ ትምህርት ብቻ መውጣት፣ ሸክም ማቅለል የሚባልም ነገር አለ ብሎኛል። አንድ ዕቃ ለከበደህ ጭነቱን ሁሉ ገደል ትጥለዋለህ?

አሁን ዋናው መጣ። ወንበር ላይ ነበርሁ፣ ይህን ስሰማ ብድግ አልሁ! ሦስተኛውን ዓመት የጨረሰ ተማሪ አራተኛውን ዓመት አገር ቤት ወጥቶ ያስተምራል አለኝ። አንተ ሦስተኛ ዓመት ነህ! ልጁን፣ «ዳንግላ ይልኩታል?» አልሁት። «የሚመድቡት እነሱ ናቸው፤ መጠየቅ ግን ይቻላል» አለኝ። እንግዲያ ጠይቅ! አንድ ጊዜ እንቢ ቢሉህ ሁለተኛ ጠይቅ፤ የእኔ ልጅ አይደለህም? ትምህርትህን ሳትጥል፣ ተማሪነትህ ሳይሰረዝ፣ መምህር ተብለህ ከመስከረም ጀምሮ በአገርህ ትቀመጣለህ ማለት ነው። እየተማርህ በየሰንበቱ ቤትህ! መንገዱን ሁሉ ለክንዴ ይህን ሳወራለት፣ «አሥር ጊዜ ነገርኸኝ እኮ» ብሎ አማረረ። ደግሜ ነገርሁት።

ልጄ፣ ቃሌ ይህ ነው። ለእኔ ብለህ እንዳትተው። አልፈቅድም። ምክንያቱ የራስህ ከሆነ፣ ራስህን አሞህ ወይም ልብህ ከዚያ ተነሥቶ ከሆነ ግን፣ በገዛ እጅህ ጽፈህ ንገረኝ። አልቆጣም። እንደ ድሮው ልቆጣህ ሞክሬ ነበር፤ ያቺ ሰኞ ጉልበቴን ወስዳዋለች። ብቻ ይህ ደብዳቤ ሳይደርስህና ዲኑን ሳትጠይቅ አንድ ወረቀት ላይ እንዳትፈርም። በፖስታ እንዳይዘገይ በነገው አውቶቡስ በቢሻው እጅ እልከዋለሁ፤ መልስህን ተቀብሎ ይመለሳል።

መስመሬ አንዱ በአንዱ ላይ ቢወጣ ብዕሩ ነው፤ ቀትር ላይ ፀሐይ ውስጥ ቁጭ ብዬ ነው የምጽፍ፣ ፀሐዩም ይረብሻል። አንተም ስትመልስ በደማቅ ቀለም፣ ፊደሉን ተለቅ አድርገህ ጻፍ። እናትህ እንዲያ ትወዳለች። ማንበብ ባታውቅም መልኩ ደስ ይላታል።

ስትመጣ በቀን ና። ከሩቅ ጀምረህም፣ «አባባ፣ እኔ ነኝ» እያልህ ጥራኝ፤ ዝም ብለህ ፊቴ እንዳትቆም። ይህን የምልህ ስለ ውሻው ነው። ሰው አይለይም።

የቆሰበር ጊዮርጊስ በወጣህበት ይመልስህ። የያዝኸውን ያስጨርስህ፣ የጀመርኸውን ያስፈጽምህ፣ ከእኔ ዕድሜ ቀንሶ ላንተ ይጨምርልህ።

ያለቀሰልህ ሳይሆን የጋለበልህ፣

አባትህ