በሁዳዴ ያስጾምሁት ድመትሽ

ለውድ ባለቤቴ ለአስካለ፤

ከተለየሽኝ ዐሥር ወር ሊሞላ ጥቂት ቀናት ቀርተውታል፤ ናፍቆትሽም ዛሬም እንደ መጀመሪያው ሳምንት ነው፤ ሆኖም አሁን ብዕር እንዳነሣ ያስገደደኝ ናፍቆት ሳይሆን፣ ቁጣም ጥላቻም የማይባል፣ ከጉሮሮ አልወርድ ያለ መጸየፍ ነው፤ የምጸየፈውም ሌላ ማንንም ሳይሆን ራሴን መሆኑን አስቀድሜ ብነግርሽ፣ የሚቀጥለውን ሁሉ በምን መንፈስ እንደ ጻፍሁት ይገባሻል።

ያው የሲልቨር ስፕሪንጉ ሦስተኛ ፎቅ ቤታችን፣ ያንቺ ወገን አልጋ ባዶ ከመሆኑ በቀር፣ ብዙ አልተለወጠም። ልብሶችሽን ልጃችን ማሕሌት ለቤተ ክርስቲያን ሰጥታለች፤ ቅዳሜ ቅዳሜ ከወንዙ ማዶ ከአሌክሳንድሪያ ድልድዩን ተሻግራ እየመጣች ማቀዝቀዣዬን ትሞላለች፣ በእንግሊዝኛ ትቆጣኛለች፣ በአማርኛ ታባብለኛለች። ድመትሽም አለ። ለጢሙ ርዝመት ስትዪ ግራዝማች ብለሽ የሾምሽው፣ እኔም ዕድሜዬን ሙሉ ቋንቋ ያስተማርሁ ሰው እንደ መሆኔ የአባቶች ማዕርግ ለእንስሳ መሰጠቱ እያንገሸገሸኝ በስሙ ጠርቼው የማላውቀው ያ ድመት፣ ዛሬም በወንበርሽ ላይ ይተኛል።

ሆስፒታል ተኝተሽ ሳለሽ፣ በመጨረሻዎቹ ቀናት፣ ስለ ራስሽ መድኃኒትም ስለ እኔ ራትም ሳትጠይቂ ያስጨነቀሽ የእርሱ የስኳር በሽታ ነበር፤ ኢንሱሊኑን ጧትና ማታ በዐሥራ ሁለት ሰዓት ልዩነት እንድወጋው፣ ከታሸገው ሥጋ በቀር ዳቦም ሩዝም እንዳላስቀምሰው፣ የጆሮውን ጫፍ እየወጋሁ የስኳሩን መጠንና የበላውን በደብተር እንድጽፍ አደራ አልሽኝ፤ እኔም እሺ አልሁ።

እሺ ያልሁት ምን እንደ ሆነ ሳላውቅ ነበር። ያ ቆርቆሮ ሲከፈት የሚወጣው የጉበትና የዓሣ ሽታ፣ ከላዩ የሚንቀጠቀጠው ዝልግልግ ስብ፣ ማንኪያው ላይ ተጣብቆ በሙቅ ውሃ እንኳ የማይለቀው ቅባት፤ ደግሞም ስኳር የያዘው እንስሳ ሲጠጣ ውሎ የሚሸናው ሽንት አሸዋውን እንደ ሊጥ አቡክቶት፣ ስዝቀው እጄ ላይ የሚከብደው ክብደት! ይህን ሁሉ ሦስት ዓመት ስትሠሪው እያየሁ አፍንጫ የሌለሽ መስሎኝ ነበር። ደግመሽ ካልታጠብሽ ከእጅሽ ዳቦ እንደማልቀበልሽም ታስታውሻለሽ፤ አንድም ቀን አልተቆጣሽኝም፣ ሄደሽ ትታጠቢ ነበር እንጂ።

ከዚያ ሁዳዴ ገባ። ከሥጋና ከቅቤ የራቀ ሰው በጾም ቤቱ በቀን ሁለት ጊዜ ሥጋ እየዛቀ እንዴት ለጸሎት ይቆማል ብዬ ከራሴ ጋር ተከራከርሁ፤ ተከራካሪውም ዳኛውም እኔው ስለ ነበርሁ በቀላሉ ረታሁ። ቆርቆሮዎቹን ቁም ሣጥን ውስጥ ቆልፌ፣ የተቀቀለ ሩዝና በውሃ የራሰ ዳቦ በዘይት አሽቼ አቀረብሁለት፤ በሽታው የሚያስርበው ነውና ሳህኑ እስኪያበራ ላሰው። በደብተሩ ግን፣ ተማሪዎቼ ይቀኑበት በነበረው በዚያ የእጅ ጽሑፌ፣ «ጧት አንድ ቆርቆሮ ሥጋ፤ ማታ አንድ ቆርቆሮ ሥጋ» እያልሁ ጾሙ እስኪፈታ ድረስ ዋሸሁ።

ስኳሩ ወጣ፤ እንዴት አይወጣ! ማሕሌት ደብተሩን ለእንስሳት ሐኪሟ በእንግሊዝኛ እየተረጎመች ስታነብላት፣ ሐኪሟ ምግቡ እንዲህ ተጠብቆ ስኳሩ ካልወረደ መድኃኒቱ አንሶታል ማለት ነው ብላ ኢንሱሊኑን ከሁለት ዩኒት ወደ አራት አሳደገችው፤ እኔም ምክንያቱን እያወቅሁ ዝም አልሁ።

በፋሲካ እኔ ስፈስክ እርሱም ፈሰከ፤ ሥጋው ተመለሰ፣ ዳቦው ቀረ፣ የመርፌው መጠን ግን በዳቦው ልክ እንደ ተለካ ቆየ። በማግሥቱ ሰኞ ረፋድ ላይ፣ ማሕሌት ለበዓሉ ቤት ሳለች፣ ግራዝማች ከወንበሩ ሲወርድ የኋላ እግሮቹ ከዱት፤ እንደ ሰከረ ተንገዳግዶ ወደቀ፣ ለሃጩን እያዝረከረከም ይንዘፈዘፍ ጀመር። «አባዬ፣ ማር! ማር አምጣ፣ ስኳሩ ወርዷል!» ብላ ጮኸችብኝ። ማሩን በጣቴ ድዱ ላይ እየቀባሁ፣ ለሃጩ እስከ አንጓዬ እየወረደ፣ ሕክምና ቤት ደረስን።

ሐኪሟ አንድ ነገር ብቻ ጠየቀች፤ የምግብ ለውጥ ነበረ ወይ? ማሕሌት ወደ እኔ እንኳ ሳታይ፣ አባቴ የጻፈው አይዛነፍም ብላ በኩራት መለሰችላት። ዝም ብል ክብሬ በቦታው ይቆይ ነበር፤ ሐኪሟም የሌለ በሽታ ስትፈልግ፣ ያንቺ አደራ ጠረጴዛው ላይ ተዘርግቶ ይሞት ነበር።

«አስጾሜው ነበር» አልሁ።

«ምን?»

«ሁዳዴን ያበላሁት ዳቦና ሩዝ ነው። ደብተሩ ውሸት ነው።»

«ድመት? አባዬ፣ ድመት አስጾምክ?»

ወደ ሐኪሟ ዞራ ተረጎመችላት። ሐኪሟ አልሳቀችም፤ ብትስቅ በወደድሁ። ስኳር በደም ሥሩ ሰጥታ አነቃችው፤ መርፌውንም እንደ አዲስ ከአንድ እንድንጀምር አዘዘች።

ስንመለስ ጆርጂያ አቬኑ ላይ ቀይ መብራት ይዞን ሳለ፣ ማሕሌት መሪውን እንደ ያዘች፣ «እማዬም እኮ ያስጠላት ነበር» አለችኝ። «ባዝሩም ገብታ፣ አንተ እንዳትሰማ ውሃውን ከፍታ ነው የምታስመልሰው። ከዛ ወጥታ ታበላዋለች። ጾምም ቢሆን።»

አስካለ ሆይ፣ የአፍንጫሽ ጉድለት ያልሁት የልብሽ ጽናት ኖሯል፤ የእኔ ጽድቅ ያልሁት ደግሞ እጁን ማቆሸሽ የማይወድ ሰው ተራ ቅምጥልነት ነበር።

ዛሬ የፍልሰታ ጾም ሦስተኛ ቀን ነው። ጧት ቆርቆሮውን ከፈትሁ፣ አስመለሰኝ፣ ተጉመጥምጬ ተመልሼ አበላሁት፤ በደብተሩ የሰፈረውም እውነት ነው። ድመትሽን ወደድሁት ብዬ አልዋሽሽም፤ ሽታው ያው ነው፣ እኔም ያው ነኝ። ሌሎች በነጭ ቀሚስሽ በተነሣሽው ፎቶግራፍ ያስቡሽ፤ እኔ ግን በሕይወት እስካለሁ የማስብሽ ያን በር ዘግተሽ፣ ውሃውን ከፍተሽ፣ ብቻሽን አጎንብሰሽ ነው፤ ከግድግዳው ማዶ መጽሐፍ ገልጦ፣ ምንም ሳይሰማ፣ ተመችቶት የተቀመጠው ሰው ማን እንደ ነበርም አልረሳም።

ባለቤትሽ