መታጠፊያው ላይ ያልተሠራው ድልድይ

ሐሙስ፣ ሰኔ 12 ቀን

ለምወድሽ ልጄ፣ ለዓይኔ ማረፊያ፣

እንደምን ከርመሻል? እኔ ጉልበቴን ከሚነዝረኝ በቀር ደህና ነኝ። አባትሽም ደህና ነው፤ ሥራ ስለበዛበት ሰሞኑን ብየዳ ቤቱ ውስጥ ነው የሚያድረው። ይህን በስልክ ልነግርሽ ጀምሬ ነበር፤ ለቅሶው እየቀደመኝ ተውኩት። በጽሑፍ ግን እያረፍኩ መቀጠል እችላለሁ። ፊደሌ ቢንጋደድ ታገሺኝ።

ወንድምሽ የሞተበት መታጠፊያ ላይ ሊሠራ የነበረው የእግረኛ ድልድይ አይሠራም። ያስቀረሁት እኔ ነኝ። ከሌላ ሰው ከምትሰሚው ከእኔ ይሻላል።

የሰፈሩ ምክር ቤት አባል አድርገው ለምን እንደመረጡኝ ታውቂያለሽ። ልጇን መኪና የገጨባት እናት ስለ መንገድ ብትናገር ማን አፉን ይከፍታል ብለው ነው። እውነታቸውን ነው፤ ማንም አልከፈተም። ለሥራው የተመደበልን መሐንዲስ ድልድዩን ነድፎ አመጣ፣ አንቺ በወንድምሽ ስም ሰሌዳው ላይ የሚጻፈውን ላክሽ፣ አባትሽም መደገፊያውን በነፃ እበይዳለሁ ብሎ ጀመረ። ለዘንድሮ የመንገድ ሥራ የተመደበው ገንዘብ ግን ለአንድ ነገር ብቻ የሚበቃ ነው። ወይ ድልድዩ ይሠራል፣ ወይ ከትምህርት ቤቱ አዲስ በር ፊት ለፊት መብራትና የመኪና ፍጥነት የሚገታ ጉብታ ይሠራል።

እኔ ከሰዓት በኋላ መታጠፊያው ጋ ሄጄ የመቀመጥ ልማድ አለኝ። አንድ ቀን ከአንዲት ፍየል በቀር መንገዱን የተሻገረ እንደሌለ ልብ አልኩ። በሌላም ቀን እንዲሁ። የትምህርት ቤቱ በር ወደ ታች ከዞረ ወዲህ በዚያ በኩል የሚያልፍ ሰው የለም ለካ። ወደ ታች ወረድኩ። ልጆቹ ቦርሳቸውን ደረታቸው ላይ አቅፈው፣ ትልልቆቹ ትንንሾቹን እየጎተቱ፣ በጭነት መኪና መሀል ይሮጣሉ። አንዷ ጫማዋ ወልቆ ልታነሳ ተመለሰች። ዓይኔን ጨፈንኩ። ስገልጠው ተሻግራለች።

ስብሰባው ላይ ሰብሳቢው፣ «እንግዲህ ድልድዩን በሙሉ ድምፅ እናጽድቀዋ፤ እትዬም እዚሁ አሉ» ሲል እጄን አወጣሁ።

«ድልድዩ ይቅር» አልኩ። «የሕዝብ ገንዘብ ለእኔ ሐዘን ማስታወሻ አይደለም። ልጆች በሚሻገሩበት ላይ ይዋል።»

ድንገት ከአባላቱ አንዱ፣ የሰፈራችን ፀጉር አስተካካይ፣ «ተመስገን!» የሚል ቃል አመለጠውና አፉን በእጁ ያዘ።

«ምን ማለትህ ነው?» አልኩት።

«ይቅርታ ያድርጉልኝ እትዬ፤ የእኔም ልጅ በዚያ ነው የምትሻገረው።»

«ታዲያ እስከ ዛሬ ምነው ዝም አልክ?»

«በየት አፌ? ድልድዩ አያስፈልግም ልበልዎ?»

መሐንዲሱን አየሁት፤ ወደ ወረቀቱ አቀረቀረ። እሱም ያውቅ ነበር። ሁሉም ያውቁ ነበር። እነሱ እኔን እንዳያስከፉ፣ እኔ የደከሙልኝን ሰዎች እንዳላሳፍር፣ በይሉኝታ ተያይዘን ገደል ልንገባ ነበር። እጃቸውን ለድምፅ ሲያወጡ ሁሉም ቀለል ብሏቸው ነበር። ልጄ፣ እኔን የከበደኝ ያኔ ነው።

ከሰው አፍ እንዳይሰማ ብዬ በቀጥታ ወደ አባትሽ ሄድኩ። እየበየደ ነበር፤ ሲያየኝ አጠፋና ጭንብሉን ገለጠ።

«አጸደቁት?»

«አላጸደቁትም።»

«ማነው እምቢ ያለው? ያ መላጣ ፀጉር አስተካካይ ነው?»

«እኔ ነኝ።»

«አንቺ?»

«እኔ።» ስለ ልጆቹ፣ ጫማዋ ስለወለቀባት ልጅ ነገርኩት።

«ስሙ የሚጻፍበት አንድ ቦታ አግኝቶ ነበር» አለ። ጭንብሉን መልሶ ደፋ፤ እሳት ግን አልጫረም። እንዲሁ ጥቁሩን መስታወት ፊቱ ላይ አድርጎ ተቀመጠ፣ ትከሻው እየተነቃነቀ። ልነካው ፈልጌ ሳልነካው ወጣሁ።

ጉብታው ባለፈው ሳምንት ተሠራ። ልጆቹ ከትምህርት ሲወጡ ሄጄ ቆምኩ። አንድ የጭነት መኪና ሹፌር ሳያየው ደርሶበት ነጠረና ጭንቅላቱን ጣሪያው ገጨው። «ይሄን ያሠራ ሰው እጁ ይቆረጥ!» ብሎ ጮኸ። ተሳደብ አባቴ፣ ብቻ ቀስ በል አልኩት በልቤ። ሳቄ መጣ። ወንድምሽን ከቀበርን ወዲህ እንደዚያ ስቄ አላውቅም። ቤት ገብቼ ለአባትሽ ልነግረው ቸኩዬ፣ በር ላይ ስደርስ የሚያድረው ብየዳ ቤት መሆኑ ትዝ አለኝ።

ለሰሌዳው የጻፍሽውን አልጣልኩትም፤ ከወንድምሽ ፎቶ ሥር አኑሬዋለሁ። ብትቆጪኝ አልፈርድብሽም። ግን ደውለሽ ተቆጪኝ፤ ዝምታው አንድ ቤት ይበቃዋል።

ፈጣሪ በወጣሽበት ሁሉ ከፊትሽ ይቅደም፣ ክፉ አይይሽ። መንገድ ስትሻገሪ ግራ ቀኙን እይ፤ ትልቅ ሰው ሆኛለሁ አትበይ።

ለአባትሽ ስትደውዪ ደግሞ ቁልፉን ጠረጴዛ ላይ ረስቶ እንደሄደ ንገሪው፤ ምናልባት በሌሊት ቢመጣ ብዬ በሩን አልቆልፍም። ስለ ሰፈር ደህንነት የምትሟገት ሴት በሯን ሳትቆልፍ ታድራለች ብለሽ እንዳትስቂብኝ።

የምትናፍቅሽ
እናትሽ