የግራው ቆዳ

ማክሰኞ፣ ጁን 24
ሲዘንብ ዋለ። ላም ማለብ፣ አጥር መጠገን... ያው። የአባቴ ትልቁ ከበሮ የግራ ቆዳው ተቀደደ። የአንትሪም የከበሮ ውድድር አሥራ አንድ ቀን ቀርቶታል! ቆዳ ፋቂው ሌስሊ ሁለት የእንስት ፍየል ቆዳ አመጣ፤ አንዱ ስስ፣ አንዱ ወፈር ያለ። «ሁለቱንም ወጥረህ ሞክር። የተረፈህን ኖርማን ይወስደዋል» አለ። ኖርማን! ሦስት ዓመት በተከታታይ ያሸነፈኝ ሰውዬ።

ዓርብ፣ ጁን 27
ቆዳዎቹ በእንጨት ቀለበታቸው ላይ ተወጥረው ደረቁ። በጣቴ መታ መታ አደረግኳቸው። ከቀኙ ጋር እኩል የሚጮኸው የቱ ነው? ጉምጉምታው ደረቴ ውስጥ ይገባል፤ ቀጭኑ ድምፅ ግን... የለም። ከፋሲካ ወዲህ ወፍም አልሰማሁ። ለማን ይነገራል? ጆሮ የሌለው ከበሮ መቺ!

እሑድ፣ ጁን 29
ሰንበት ነው፣ ከበሮ አይነካም። ስብከቱ ስለ ውሸት። አንገቴን ደፍቼ ወጣሁ።

ሰኞ፣ ጁን 30
በየተራ ገጥሜ መታኋቸው። መጀመሪያ ስሱን። ሚስቴ ሄዘል የማድ ቤቱን መስኮት ድርግም አድርጋ ዘጋችው። ወፍራሙን ስመታ መልሳ ከፈተችው። ሞቋት ይሆናል።

ማክሰኞ፣ ጁላይ 1
ኖርማን መጣ። «እህሳ መርቪን፣ መረጥክ ወይስ ዕጣ እናውጣ?» ሰው ሁሉ የሚያመሰግነው ስስ ቆዳ ነው... «ወፍራሙን ውሰድ» ልለው ስል ሄዘል ዱቄት በዱቄት ሆና ብቅ አለች። ሠላሳ ዓመት ከበሮዬን ስትረግም የኖረች ሚስቴ! «ስሱን ነው የምትወስደው» አለችው። ሳቀ፣ ተሸክሞ ሄደ።
«አዋረድሽኝ!» ብዬ ጮህኩባት።
«ማንቆርቆሪያው እያፏጨ ቁጭ የምትል ሰውዬ፣ የማላውቅ መሰለህ? ስሱ ከቀኙ ጋር ይጣላል።»
«አንቺ በምን አወቅሽ?»
«ራሳችሁ አይደላችሁ፣ ከበሮ ራቅ ብሎ ለቆመ ነው የሚሰማው የምትሉት? እኔ ሠላሳ ዓመት ራቅ ብዬ ነው የቆምኩት።»
አፈርኩ።

ቅዳሜ፣ ጁላይ 5
ፈራሁ። በጣም። ሄዘል የዝናብ ልብሷን ለብሳ የውድድሩ ሜዳ ጥግ ቆመች፤ የከበሮውን ገመድ ሳጠብቅ በእጇ «ትንሽ... በቃ!» አለችኝ። ዳኞቹ ዞሩን፣ ጻፉ፣ ሄዱ።
ሁለተኛ! ኖርማን አራተኛ።
«ምን አድርገህ ነው?» አለኝ።
«ጆሮዬ ሄዷል። የመረጠችው እሷ ናት።» ሰው ሁሉ ሰማ። ይስማ።
ሊስቅ አለና ተወው። ባርኔጣውን አውልቆ ወደ እሷ ሄደ።
«ሄዘል እባክሽ... የኔስ ግራው እንዴት ነው?»