ክኒኔን ማንም አይወርስም

እኔ መሪጌታ ሀብተ ሚካኤል ስጦታ፣ ዕድሜዬ ሰባ ዘጠኝ፣ ነዋሪነቴ በደባርቅ ከተማ፣ ዛሬ ጥር ፲፬ ቀን ፳፻፲፩ ዓ.ም. ከቀትር በፊት በገዛ ቤቴ ተቀምጬ፣ አራት ምስክሮች እየሰሙኝ፣ ማንም ሳያስገድደኝ ይህን ኑዛዜ አስጽፋለሁ። አእምሮዬ የተስተካከለ ነው። ልቤ ግን ደክሟል፤ ሐኪሙም ዳገት ከልክሎኛል። ደባርቅ ውስጥ ዳገት የሌለበት መንገድ የት እንዳለ ግን አልነገረኝም። ጸሐፊዬ የቀድሞ ተማሪዬ ፍቅረ ሥላሴ ነው። ከመሐል የሚገባውንም ንግግር ሁሉ እንዲጽፍ አዝዤዋለሁ፤ ባለቤቴ ዓለምዬ ዝም ብላ እንደማትሰማኝ አውቃለሁና።

በሀብቴ ነገር ብዙ አላስጽፍም። ከምንኖርበት ቤት የእኔ ድርሻ ለዓለምዬ ነው፤ በዚህ ላይ አንድ ግዴታ አለ፣ ኋላ እመለስበታለሁ። ዳባት በኩል ያለው የነጭ ሽንኩርት ማሳ ለልጄ ለሕሊና ይሁን። ለደም ግፊት ይበጃል ብለውኝ በየጧቱ ጥሬውን ሦስት ሦስት ፍሬ ስቆረጥም፣ የቅኔ ተማሪዎቼ እንኳ ራቅ ብለው ሲቀመጡ፣ ከአጠገቤ ያልሸሸች እሷ ብቻ ናት። ግፊቴን አላወረደልኝም፤ የሚወደኝን ግን ለይቶ አሳይቶኛል።

አሥራ አንዱ በግና በቅሎዋ፣ በሰሜን ተራሮች ፓርክ ቡይት ራስ ላይ በጥበቃ ለሚሠራው ልጄ ለታደለ ናቸው። ከነወቀሳው ይረከብ። ቱሪስቶች ሲሄዱ የሚተዉለትን የቫይታሚን ብልቃጥ ሁሉ «ለአባቴ» እያለ ያመጣል። አንዱን ዓቢይ ጾም በገባ ሰሞን አመጣልኝ፤ ፍሬው እንደ ማር ያበራል። ባስነብበው የዓሣ ዘይት ሆኖ ተገኘ። ቄስ ገብረ ሚካኤል «ለመድኃኒት ከሆነ ምን አለበት» አሉ፤ እኔ «መድኃኒት ነው ያለ ማነው?» አልሁ፤ ሁለት ሰንበት ሙሉ ተከራከርንበት። በመጨረሻ የጤና ጣቢያዋ ነርስ ሲስተር ማርያማዊት መጥታ፣ «የኔታ፣ ጾሙን እናንተ ታውቃላችሁ፤ ግን ከሚወስዱት ክኒን ጋር መስማማቱን ሳይጠይቁኝ ምንም እንዳይውጡ» አለችኝና ክርክሩ ተዘጋ። ብልቃጡን ድመቷ ወረሰችው። ጠጉሯ እስከ ዛሬ ያምራል።

ለልጆቼ የምመክረው ይኸው ነው። ገብሳችሁን ብሉ፣ ጎመኑን አብዙ፣ ጠላውን ቀንሱ፣ እግራችሁ እሺ እስካላችሁ ድረስ ተራመዱ። እኔ ሊማሊሞን በእግሬ ወርጄ የወጣሁት በሽሮና በገብስ ቆሎ ነበር። ከጨው ከተለያየሁ አራት ዓመት ሆነኝ። መጀመሪያ ሰሞን ዓለምዬ እያዘነችልኝ ወጤ ውስጥ በስውር ጨው ትጨምር ነበር፤ «ዛሬስ ምን አድርገሽበት ነው የጣመኝ?» ብላት በሳቅ ተጋለጠች። ከዚያ ወዲህ የእኔን ለብቻ ያለ ጨው ትሠራለች። በራሷ ድስት ላይ ግን ጨውን በመዳፏ ትዘግናለች።

አሁን ወደ ክኒኔ ልምጣ። በሰፈራችን አንድ ልማድ አለ። ሰው ሲሞት ልብሱ ለድሃ እንደሚሰጥ ሁሉ፣ የተረፈው ክኒንም በአርባው ቀን ተመሳሳይ ሕመም ላለበት ጎረቤት ይታደላል። መጣሉ ነውር ነው። ተቀባዩም «ነፍስ ይማር» ብሎ ይውጠዋል። ወዳጄ አለምነህ ባረፈ ጊዜ ለእኔ ሁለት እሽግ ደረሰኝ። የእኔው ክኒን ቢጫ፣ የእሱ ነጭ ነው። ሁለት መድኃኒት ከአንድ ይሻላል ብዬ አብሬ መዋጥ ጀመርሁ። በአራተኛው ቀን ከቤተ ክርስቲያኑ ደጅ ብድግ ስል ዓለም ጨለመብኝና ተዘረርሁ። ጠበል ረጭተው አነቃቁኝ። ምክንያቱን ያገኘችው ግን ሲስተር ናት። ሁለቱን እሽግ ጎን ለጎን ይዛ፣ «የኔታ፣ ይኸ እኮ አንድ መድኃኒት ነው፤ የተለያየው ፋብሪካው ነው» አለችኝ። ያን ሁሉ ዘመን ፊደል ሳስቆጥር ኖሬ፣ የምውጠውን ሳላስነብብ ዋጥሁ። በሕይወቴ እንደዚያ ቀን አፍሬ አላውቅም።

ስለዚህ የእኔ ክኒን በአርባዬ አይታደልም። ከነሙዳዩ ተቆጥሮ ወደ ጤና ጣቢያ ይመለስ። ይህን አጥብቄ የማስጽፈው ስለ አንድ ሰው ብዬ ነው። ለሠላሳ ቀን የሚሰጠኝ ክኒን ካለፉት አራት ወራት ወዲህ በሃያ ስድስተኛው ቀን ያልቃል። አይጥ ጠርጥሬ ነበር። አይጥ ግን የሙዳዩን ክዳን መልሳ አትገጥምም።

«እረ አንቱ ሰውዬ፣ ይኸን ደግሞ ሰው ፊት ያስጽፋሉ?» ብላለች ዓለምዬ። ይጻፍ።

«ራሴን ፍልጥ ሲያደርገኝ፣ አንዳንዴ ነው» ብላለች። ይኸም ይጻፍ።

ሂጂና ግፊትሽን ተለኪ ማለት ከጀመርሁ ሁለት ዓመት ሆነኝ። «ያልለኩኝን በሽታ አልታመምም» ትለኛለች። ባለፈው ሐሙስ ውሃ ይዛ ስትገባ የበሩን መቃን ጨብጣ፣ ዓይኗን ጨፍና ቆማ አየኋት። «ምን ሆንሽ?» ብላት «ምንም» አለችኝ። ፈራሁ። የራሴን ሞት እንዲያ አልፈራሁትም።

እንግዲህ ግዴታው ይህ ነው። ዓለምዬ የቤቱን ድርሻዬን የምትወርሰው፣ ይህ ጽሑፍ ሳይፈረም ክንዷን እዚሁ ከምስክሮቼ መካከል ላለችው ለሲስተር ማርያማዊት ከዘረጋች ነው። እምቢ ካለች ድርሻዬ ለቤተ ክርስቲያን ይሰጥ። ቄስ ገብረ ሚካኤል ሳል አስመስለው ሲስቁ አይቻለሁ።

«ግማሹ በሕግ የኔ ነው፤ የርስዎን ግማሽ ለፈለጉት ይስጡት» ብላለች። ሕግ ማወቋ ደስ ብሎኛል። ቢሆንም ቃሌን አላነሣም።

በዚያው ቀን፣ ከፊርማው በፊት የተጨመረ፦

ከላይ ያለው ተነበበልን። ዓለምዬ ጥቂት አጉረመረመችና ነጠላዋን ገልጣ ክንዷን ዘረጋች። ሲስተር ለካች። ማሰሪያውን ፈትታ በሌላው ክንድ ደገመች። ሁለት መቶ አሥር በመቶ ሃያ። እኔ በተዘረርሁበት ዓመት ከፍ ያለብኝ ቀን እንኳ መቶ ሰማንያ ነበር። «እማማ፣ ዛሬውኑ ሆስፒታል እንሄዳለን። የየኔታን ክኒን ግን ሁለተኛ እንዳይነኩ፤ ለርስዎ የሚሆነውን ሐኪሙ ያዝልዎታል» አለች ሲስተር።

ዓለምዬ ወደ እኔ ዞረች። «በሽተኛ ነሽ ካሉኝ፣ ለርስዎ ያለ ጨው ማን ያበስላል ብዬ እኮ ነው» አለችኝ።

ሃምሳ ሁለት ዓመት ያበሰለችልኝ እሷ ናት። ፍቅረ ሥላሴ ብዕሩን አቁሞ ነበር፤ ጻፍ አልሁት።

ስለ ቀብሬ ላስጽፍ ያሰብሁትን ትቼዋለሁ፤ ጊዜ የለኝም፣ ለኑዛዜው የመጣው ልጄ ታደለ መኪና ሊያመጣ ሄዷል። ሰማያዊ ክዳን ያለውን ባዶ ሙዳይ ለዓለምዬ ሰጥቻለሁ፤ ይህ ስጦታ ሞቴን ሳይጠብቅ ከዛሬ ጀምሮ የጸና ነው። በክዳኑ ላይ ስሟን በራሴ እጅ ጽፌበታለሁ። በየጧቱ ከጎኔ ተቀምጣ የታዘዘላትን ትወስዳለች፤ እኔ እቆጥራለሁ። እስክትበረታ ድረስ በሰባ ዘጠኝ ዓመቴ ሽሮ መሥራት እማራለሁ፤ ለሁለታችንም በአንድ ድስት፣ ያለ ጨው።

ቃሌ ይኸው ነው፤ ተነቦልኝ ፈርሜበታለሁ።

መሪጌታ ሀብተ ሚካኤል ስጦታ (ፊርማ)

ሲነገርም ሲነበብም የሰማን ምስክሮች፦
ቄስ ገብረ ሚካኤል ሰጠኝ (ፊርማ)
ሲስተር ማርያማዊት ዓለምብርሃን (ፊርማ፤ «መኪናው ደርሷል፣ ፍጠኑ»)
አቶ ገዱ ያርጋል፣ ጎረቤት (ፊርማ)
ፍቅረ ሥላሴ፣ ጸሐፊም ምስክርም (ፊርማ)

ወይዘሮ ዓለምዬ ወራሽ እንጂ ምስክር አይደለችም። ቢሆንም ከግርጌው የአውራ ጣቷን አሻራ አኑራ፣ ከጎኑ እንዲህ ተብሎ እንዲጻፍላት ጠይቃለች፦ «ተለክቻለሁ። ሽሮውን ሳልቀምሰው አልሞትም።»