ባህሩ አንተ ጋ ይደርስ ይሆን?

የምወድህ አባዬ፣

ሞምባሳ ላይ ቀብረንህ ወደ ናይሮቢ ከተመለስን ሦስት ዓመት አለፈ። እማዬ ደህና ናት። ኪሊማኒ ካለው ቤታችን አልወጣንም፤ ፊት ለፊታችን ግን ፎቅ እየተሠራ ፀሐያችንን ወስዶብናል። እኔ ሥራ ይዣለሁ። ብትሰማ ትስቅ ነበር፤ የባህር ዳርቻ ካርታ ነው የምስለው።

አንተ ምጽዋ የመርከብ ሞተር ስትጠግን፣ ኋላም ሞምባሳ ወደብ ሥራ አግኝተህ ወደ ኬንያ እስክታመጣን፣ እኔ አዲስ አበባ ነው ያደግሁት። ለእረፍት ስትመጣ "ባህሩ የት ያልቃል?" እያልኩ አደርቅህ ነበር። አሁን የሚጠየቀው ሌላ ነው፤ ባህሩ ወደፊት የብሱ ላይ እስከ የት ይመጣል? ምድር እየሞቀች ውሃውም ከፍ እያለ ነው ይላሉ። ስለዚህ የኬንያን ዳርቻ ዘርግተን ጥቂት ቢጨምር፣ ከዚያ በላይ ቢጨምር፣ በጣም ቢጨምር እያልን ሦስት መስመር እናሰምራለን። አለቃዬን ዋንጂሩን "ገና ያልሆነ ነገር እንዴት ይታወቃል?" ብላት፣ "አላውቅም። ባውቅማ አንድ መስመር ይበቃኝ ነበር" አለችኝ። ወደድኳት።

የሞምባሳ ተራ ሲደርስ እጄ ቆመ። የመጨረሻው፣ ቀዩ መስመር፣ አንተ ያረፍክበትን መካነ መቃብር ለሁለት ከፍሎት ያልፋል። በየትኛው በኩል እንደሆንክ ካርታው ላይ መለየት አቃተኝ። ለእማዬ ልንገራት አልንገራት ስል ሰንብቼ ምሳ ላይ አመለጠኝ። ከሞትክ ወዲህ ባህር ሲነሳ አትወድም፤ ዕድሜህን የወሰደባት እሱ ይመስላታል።

"መቼ ነው?" አለችኝ።

"ምናልባት እኔ ሳረጅ። ምናልባትም ጨርሶ ላይደርስ ይችላል።"

"እንግዲያው ሄደን እንየው።"

በአውቶቡስ ወረድን። የመሥሪያ ቤታችን ቀያሽ ጁማ መሣሪያውን ተክሎ፣ ከውሃው ጀምሮ ከፍታውን እየለካ እስከ ራስጌህ መጣ። እኔ መለኪያውን ዘንግ ይዤ አጠገብህ ቆሜያለሁ። ፈርቻለሁ፤ ግን ለማወቅም ጓጉቻለሁ። ያረፍክበት ቦታ ካርታው ከሚለው ከፍ ብሎ ተገኘ፤ ከሥርህ ያለው የኮራል ድንጋይ ነው። ቀዩ መስመር ከበታችህ ያልፋል። በደስታ ልጮህ ስል እማዬ ቁልቁል ያሉትን መቃብሮች አየች።

"የእነዚህስ ልጆች ያውቃሉ?" አለች።

ደስታዬ አፌ ላይ ቀረ። ከጁማ ጋር ሄደን ለመካነ መቃብሩ ኃላፊ አሳየነው። ሽማግሌው ካርታውን ብዙ አገላበጡት፤ "ፖሌ ፖሌ ነው የሚመጣው?" አሉ። አዎ፣ ቀስ እያለ ነው፣ አልናቸው። ከእንግዲህ አዲስ መቃብር የሚቆፈረው በላይ በኩል እንዲሆን ለማድረግ፣ ለቤተሰቦቹም ለመናገር ቃል ገቡልን።

ከዚያ እማዬ ወደ ዳርቻው ወረደች። ጫማዋን አውልቃ ውሃው ቁርጭምጭሚቷ ድረስ እንዲመጣ ጠበቀችው። ከዚያ ወዲህ ስለ ማዕበል መውጣትና መውረድ ስትጠይቀኝ ትውላለች፤ ግማሹን አላውቀውም፣ ቢሮ እየጠየቅሁ ነው የምመልስላት።

መስመሩን እንደገና ሳልኩት፣ አባዬ። ልክ ይሁን አይሁን ግን አላውቅም። እኔ እንደሆነ አልረሳህም። አሮጊት ሆኜ በሰው ክንድ ተደግፌም ቢሆን እመጣለሁ፤ ውሃው የት እንደደረሰም አጠገብህ ቁጭ ብዬ እነግርሃለሁ።

ልጅህ ሣራ