ጭስ የሌለው ከሰል

ሰብለወንጌል ልጄ፣ በሄድሽበት ሁሉ ቅዱስ ኡራኤል ይከተልሽ፤ የደብሊን ብርድ አይድፈርሽ። እኔ ደህና ነኝ። ናፍቆትሽ ግን ለመድኩት ስል ያገረሽብኛል፤ እዚህ ሰፈሬ ፒኜቶ ላይ ትራሙ በቆመ ቁጥር አንቺ የምትወርጂ ይመስለኛል።

ለቤት ማሞቂያ የቱን ከሰል ልግዛ ላልሽው፣ ጓደኛዬ ጤናዬ የደረሰባትን ልንገርሽ። ሮማኒና የሚባለው ሰፈር በተከራየችው ቤት የብረት ምድጃ አላት። መጀመሪያ ርካሹን ከሰል ገዛች፤ ቤቱን በጭስ ሞላው፣ አመዱም መከራ ሆነባት። ቀጥላ ጭስ አልባ የሚባለውን ገዛች። ዋጋው እጥፍ ነው፤ ፍሙ ግን ቶሎ አይከስምም፣ ዓይንም አያቃጥልም። «አሎራ፣ እንግዲህ ካልጨሰ ምን ያደርገኛል?» ብላ ፍሙን በማንደጃ መኝታ ክፍሏ አስገባችና መስኮቱን ዘጋች።

እሑድ ከቅዳሴ መልስ ሄጄ ባንኳኳ፣ ብጣራ፣ መልስ የለም። ጎረቤቷ በሩን ሰብሮ ከፈተልኝ፤ ጤናዬ ወለሉ ላይ ወድቃለች። ጭስ የለ፣ ሽታ የለ። ተጋግዘን ወደ ደጅ አወጣናት፤ ሆስፒታል ኦክስጅን ሰጥተዋት ተረፈች። ስትነቃ «መዓዚ፣ እኮ አይጨስም ነበር» አለችኝ።

ስለዚህ ልጄ፣ ጭስ አልባውን ግዢ፤ ጥራቱ ዋጋውን ይክሳል። ግን ጭስ ማውጫ ባለው ምድጃ ብቻ አንድጂው፤ ከፍሙ የሚወጣውን መርዛም አየር ዓይን አያየውም።

ከዚያ ወዲህ ስልክ ሳታነሺ ስትቀሪ ደጋግሜ እደውላለሁ። ደጅሽ መጥቼ ላንኳኳ አልችል ነገር። እባክሽ፣ ጠዋት ስትነሺ «እማዬ፣ ነቃሁ» በይኝ፤ ሌላ አልጠይቅሽም። በሰላም የሚያሳድርሽ አምላክ በሰላም ያንቃሽ።

እናትሽ መዓዛ